ማስቲሹ እስኪደርቅ

ገርጂ መግቢያ ላይ፣ ከኛ ላቫጆ አጠገብ፣ አንድ የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ መንገድ ዳር ቆሟል። በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያ የሸምሲያ ነው። ቤት ብዬ እንዳላጋንን፣ በሁለት ጎን ቆርቆሮ፣ ከላይም ቆርቆሮ፣ የቀረው መንገድ ነው። ጎማ ተንፍሶበት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እሷን አልፎ ወደ ውስጥ ያያል፣ ወንድ ፍለጋ። «ጎሚስታው የለም?» ይላታል። «አለ፣ ጎማህ ምን ሆነ?» ትለውና ክሪኩን መኪናው ሥር ታስገባለች። ሰውየው አፉን ከፍቶ ይቀራል። እኔ ይህን ለማየት ብዬ ስንት ጊዜ የማጥበውን መኪና ሳሙና እንደተቀባ ትቼ ቆሜያለሁ፣ አሠሪዬ ይመስክር።

ሸምሲያ የወሎ ልጅ ናት፣ ኮምቦልቻ። አባቷ የአሰብን መንገድ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ጎማ እየለጠፉ ነው ልጆች ያሳደጉት። ሙያው ለታላቅ ወንድሟ ለሱሌማን ነበር የታሰበው። ሱሌማንን ግን የጎማ ሽታ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ሱቅ ከፈቱ። እሷ ሽታውን ወደደችው። ሌላው ሰው ሽቶ ይወዳል፣ እኔ ማስቲሽ ወደድኩ፣ ምን ላርግ ትላለች። ማስቲሽ ያው ጥጋኙን ካላማዳሪ ላይ፣ ማለት የጎማው የውስጥ ላስቲክ ላይ፣ የሚያጣብቀው ሙጫ ነው፣ ሽታው እውነትም አንዴ ከለመዱት ደስ ይላል። ከዚያ ዓብዱ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር አግብታ አዲስ አበባ ገባች። ዓብዱ ታሞ ሞተ፣ ልጅም አልነበራቸውም። ዕድሩ ድንኳኑን ካነሳ በኋላ የአባቷን ብረቶች ከአልጋ ሥር አውጥታ እዚህ ገርጂ መጣችና ያንን ጎማ አቆመች።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለኢድ ወንድሟ መጡ። ጋሽ ሱሌማን ደግ ሰው ናቸው፣ ክፉ አድርጌ እንዳላወራችሁ። ግን እህታቸው ብቻዋን መንገድ ዳር በጉልበቷ ተንበርክካ ጎማ ስትነፋ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ከተማው ሰፊ ነው፣ ሰው አያውቅሽም፣ ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል አሏት። ሲከራከሩ ቆይተው ተስማሙ። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አንድ የሚያቆማት ሥራ ካገኘች፣ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የማይጠፋ ደንበኛ፣ እሳቸው ዳግመኛ አይናገሩም። ካላገኘች ኢሱዙ ይዘው ይመጡና ከነዕቃዋ ኮምቦልቻ ይወስዷታል። እሷም እሺ አለች። ሸምሲያ እሺ ካለች አለች ነው፣ ቃሏን አትበላም። ስለዚህ ከሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ እንቅልፍ ያጣሁት።

ምክንያቱም ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከመንገዱ ማዶ ጋሽ እሸቴ አሉ፣ ኮምፕሬሰር ያላቸው። ታክሲው ሁሉ እዚያ ነው። እሷ ያላት የእግር ፖምፓ ነው። ጋሽ እሸቴ ሥራ ሲያጡ ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጡና ይተርቧታል። «ሸምሲ፣ በእግርሽ ስትነፊው የምትጨፍሪ ነው'ኮ የሚመስለው» ይሏታል። እሷም ጋሽ እሸቴ ይምጡና አብረን እንጨፍር ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ሚያዝያ ውስጥ ሞተር መጣ። እኔ ሞተር ስወድ ለጉድ ነው፣ ድምፁን ከመገናኛ ጀምሮ ነው የሰማሁት። ይሄ ደግሞ የአስፋልት ሞተር አይደለም፣ የገጠር ሞተር ነው። ረጅም፣ ጭቃ መከላከያው ከፊት ጎማው በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ጎማው ጥርስ ጥርስ ያለው። ነጂው ተካልኝ ይባላል፣ ቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ቢሮ ያለው አንድ የክትባት ድርጅት ሠራተኛ ነው። ስድስት እንደዚህ ያሉ ሞተሮች አሏቸው። ክትባቱን በረዶ በሞላበት ሳጥን አድርገው፣ ከኋላ ጭነው፣ ከጎሮ ወዲያ በአራብሳ በኩል መኪና በማይገባበት ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። የኋላ ጎማው ተበስቶበት መጀመሪያ ጋሽ እሸቴ ጋ ሄዶ ነበር። እሳቸው ጎማውን የተሸከመውን የቸርኬ ሽቦ ብዛት አይተው እኔ የክራር ጠጋኝ አይደለሁም ብለው መለሱት። እኛ ጋ ተሻገረ።

ሸምሲያ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጎማ ነክታ አታውቅም። ግን ጎማ ጎማ ነው ብላ ፈታችው። ቸርኬው ላይ ቫልቮላው አለ፣ ያቺ ንፋስ የሚገባባት አፍንጫ። ከሷ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ብሎን ወጥቷል። ብሎኑ ከውስጥ በኩል ላስቲክ የለበሰች ጠፍጣፋ ብረት ይዟል። በከባድ መኪና እንደዚህ ያለ ነገር የለም። አገላብጣ አየችውና አንዱ ጋራዥ ያለ ቦታው የከተተው መሰላት። ካላማዳሪውንም የሚያቆስለው ይኼ ነው አለች። አውጥታ የብሎን ጣሳ ውስጥ ጣለችው፣ ቀዳዳውን በላስቲክ ደፈነች፣ ካላማዳሪውን ለጠፈች፣ ከዚያ ነፋች። አነፋፏ ደግሞ የአባቷ ነው፣ ኩንታል ለተጫነበት መኪና። ድንጋይ እስኪሆን ነፍታ በመዶሻ መታ ስታደርገው እንደ ደወል ጮኸ። ተካልኝ ደስ ብሎት ሄደ። እኔም እስኪጠፋ ድረስ ከኋላው ቆሜ ሳይ ቆየሁ።

በነጋታው ያ ሞተር ጋሪ ላይ ተጋድሞ መጣ።

ተካልኝ ጭቃው ዓይኑን ብቻ ነው ያስቀረለት። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጎሮ ወዲያ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ኮቲቻ የሚሉት፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚሆን። ድንጋይ የሆነው ጎማ እዚያ ላይ ይንሸራተታል፣ አይነክስም። ተካልኝም የገጠር ነጂ ሁሉ እንደሚያደርገው ንፋሱን ቀነስ አደረገ። ትንሽ እንደሄደ ጎማው እጥፍ አለ። በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጋሽ እሸቴ ከማዶ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ሸምሲ፣ የአሰብ መኪና መሰለሽ እንዴ? ሞተር'ኮ ነው» አሉ። ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ሸምሲያ ካላማዳሪውን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችና በጣቷ እየዳሰሰች አየችው። የለጠፈችው ጥጋኝ አለ፣ አልተነሳም። ቫልቮላው ነው ከሥሩ የተገነጠለው፣ ልክ ሰው በጉጠት ወደ ጎን የጎተተው ይመስላል።

ተካልኝ ተናዶ እንደሚጮህባት ነበር የጠበቅኩት። እሷ ቀደመችው። የክትባቱ ጥፋት የኔ ነው፣ ለአለቃህም እንዲሁ ብለህ ንገር አለችው። ቀጥላ ግን ያልጠበቀውን ጠየቀችው።

«መንገዱን አሳየኝ። ይሄን የጎተተውን ነገር በዓይኔ ካላየሁ ሁለተኛም እበጥሰዋለሁ።»

ከኋላዬ ተቀመጪ አላት። እሷ ደግሞ ከባዳ ወንድ ጀርባ ተለጥፌ አልሄድም አለች። ታዲያ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ያው ሞተሩን ያመጣው ባለጋሪ እዚያው ቆሟል። ለሞተሩ አዲስ ካላማዳሪ ገጠመችለት፣ ሞተሩ ከፊት፣ ሸምሲያ ጋሪ ላይ ከኋላ፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ከሷ ጎን ዘለልኩ። ጎሮን አልፈን ወደ አራብሳ ስንሄድ ገበሬው ሁሉ ሙሽራ ወሳጅ መስለነው ነው መሰለኝ እጁን ያወዛውዛል።

ከመነሳታችን በፊት ያደረገችው ነገር አለ። ከጎማው እስከ ቸርኬው አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም አሰመረች። እኔ ለማሳመሪያ መስሎኝ ነበር። ጭቃው ጋ ስንደርስ ተካልኝ ንፋሱን ቀነሰና አንዷን አቀበት ወጣ። ሸምሲያ ከጋሪው ጎንበስ ብላ ከጎማው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። አቀበቱ ላይ አቁም አለችው፣ ወረደች፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። በቀሚሷ ጫፍ ጎማውን ጠረገች። መስመሩ ተሰብሯል። የጎማው ወዲያ፣ የቸርኬው ወዲህ፣ መሀላቸው ሁለት ጣት ይሆናል።

«ጎማው ብቻውን እየሄደ ነው» አለች። «ቸርኬው ትቶት ይዞራል። ካላማዳሪው ከጎማው ጋር ሲጎተት አፍንጫዋ ከቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ቀረች፣ ተቆረጠች።»

ከዚያ ዓይኗ ቸርኬው ላይ የደፈነችው ቀዳዳ ጋ ሄደ። ያ ያወጣችው ብሎን ለካ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ የሚይዝ ነው፣ ንፋሱ ሲቀንስ እንኳ እንዳይንሸራተት። ፊቷ ላይ ሳይሆን ጆሮዋ ላይ ነው ቅላቱ የወጣው። በመልሱ መንገድ ሁሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አባቴ ቢያየኝ ጉድ ነበር አለች፣ ግን እየሳቀች። ማታውኑ ብሎኑን ከጣሳው አውጥታ ቦታው መለሰችው፣ ንፋሱንም አውራ ጣት ሲጫነው እሺ እንዲል አድርጋ ለስለስ አድርጋ ነፋች። ተካልኝ በሳምንቱ በዚያው ጭቃ ሄዶ መጣ። መስመሩ እንዳለ ነበር።

ተካልኝ በዚህ በጣም ተደስቶ የስድስቱንም ሞተሮች ጎማ እሷ እንድትይዝ ለአለቃው ነገረ። ለሷ ይሄ ማለት ደንበኛ ተገኘ፣ ኮምቦልቻ ቀረ ማለት ነው። እኔ እንደውም ለአሠሪዬ ሳይቀር አውርቼ ጨርሼ ነበር። አለቃቸው ሲስተር ኣብርሀት ይባላሉ፣ ነርስ ናቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይጨምር። ራሳቸው በእግራቸው መጡ። ቤቱን አዩ፣ ብረቱን አዩ፣ እሷንም አዩ።

«ሥራሽን አልጠላሁትም» አሏት። «ግን የኔ ጎማ ገርጂ ላይ አይፈነዳም። ጎሚስታ በሌለበት ገደል ላይ ነው የሚፈነዳው። በረዶው ደግሞ አንቺ ጋ እስኪመጣ አይጠብቀኝም። አንዴ ክትባት አበላሽታችሁብኛል። የሰኔው ዘመቻ ሲያልቅ እናያለን።»

አንድ ጎማ መንገድ ላይ ተበስቶ ሌላ ክትባት ከተበላሸ ነገሩ አለቀ ማለታቸው ነው። ጋሽ ሱሌማን የሚመጡትም ሰኔ ላይ ነው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ማን ነው የእሾህና የምስማርን ነገር የሚያዝዘው? ሸምሲያ ግን ሲስተር እውነታቸውን ነው አለች። ካሰበች ካሰበች በኋላ፣ ነጂዎችዎን ይላኩልኝ፣ መንገድ ላይ ራሳቸው እንዲለጥፉ አስተምራቸዋለሁ ብላ ላከችባቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስቱም መጡ። የኛ ላቫጆ ግቢ ውስጥ የደፋናቸው ባልዲዎች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጋሽ እሸቴ ይህን ሲያዩ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ደንበኛሽን ሙያሽን ካስተማርሽ ነገ ምን ልትበዪ ነው አሏት፣ ለማሾፍ ሳይሆን ከልባቸው ገርሟቸው ነው። እሷም ጋሽ እሸቴ፣ ገጠር የተለጠፈውን ከተማ ሲገባ ማን ያየዋል አለቻቸው። እሳቸውም ቆመው ቀሩ፣ አልሄዱም።

እኔ የዚያን ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ሞተር ኖሮኝ አይደለም፣ ግን አንድ ቀን ይኖረኛል። ጎማውን በጉልበት አይደለም የሚያወልቁት። ባላንጣህ ይመስል አትታገለው አለቻቸው። በወዲያ በኩል ተንበርክከህበት ተጫንና ወደ ቸርኬው መሀል ጎድጓዳ አስገባው፣ በዚህ በኩል ራሱ ይላላልሃል፣ ብረቷን በትንሽ በትንሹ አስገባ፣ ብዙ ከነከስክ ካላማዳሪውን ትበላዋለህ። ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀባ። እሾሁን ሳታወጣ አትመልሰው፣ ጎማው ውስጥ ጨርቅ አዙር፣ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ፣ ጣትህን ከከተትክ ግን አንተም ትለጠፋለህ። ቀዳዳውን የምታጠልቅበት ውሃ ከሌለህ ካላማዳሪውን ወደ ከንፈርህ አስጠጋ፣ ከንፈርህን አርጥብ፣ ንፋሷ ትነግርሃለች። ስትመልሰው ደግሞ ባዶውን አትክተተው፣ ትንሽ እስትንፋስ ስጠው፣ ቅርጹን ይዞ ይገባል።

ይሄን ሁሉ ቶሎ ያዙ። ያልቻሉት አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ። ካላማዳሪው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ከዚያ እጅ ላይ የማይይዝ እስኪሆን ድረስ ይተዋል። እርጥቡን ከለጠፍክ ሲነፋ ይነሳል። ሁሉም ቸኮሉ፣ የሁሉም ተነሳ። ተካልኝማ ሁለቴ።

እሷ አባቷ ያስተማሯትን ነገረቻቸው። ማስቲሹን ቀብታ ፋቲሃን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ሦስት ጊዜ ቀስ ብላ ትቀራለች፣ ከዚያ ነው የምትለጥፈው። ከነጂዎቹ ሐምዛ የሚባለው ፈገግ አለና ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ተካልኝ ሰዓት አለኝ ብሎ እጁን አሳያት።

«ሰዓት ስታይ ትቸኩላለህ» አለችው።

«እኔ ታዲያ ፋቲሃ አላውቅም።»

«አባታችን ሆይ የለህም እንዴ? እሱን በል እንጂ።»

ተካልኝ አቀረቀረና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ይሄ ጸሎት ነው ወይስ የመገናኛ ታክሲ ጥሪ?» አለችው። «እንደገና። እያንዳንዷን ቃል እንደ ሰው።»

ግቢው በሳቅ ሞላ፣ ጋሽ እሸቴ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። ተካልኝ እየሳቀም እየተናደደም እንደገና አለው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ለጠፈ፣ ነፋነው፣ ውሃ ውስጥ ከተትነው፣ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ከረጢት ሰጠቻቸው፣ ሁለት ጥጋኝ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ማውለቂያ ብረት። ፖምፓ ድርጅቱ ገዛ።

ሰኔ ገባ፣ ዘመቻው ተጀመረ። የመጨረሻው ቀን ላይ ለተካልኝ ከአራብሳ ወዲያ ርቆ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ደረሰው። ያችኑ ቀን ጠዋት ጋሽ ሱሌማን በኢሱዙ መጡ። ሳይነግሩ ነው የመጡት፣ ገመድና ጆንያም ይዘዋል። ሸምሲያ ሳመቻቸው፣ ሻይ አስመጣችላቸው፣ ሞተሩ እስኪመለስ ድረስ ይቆዩልኝ አለቻቸው። እሳቸውም አላስቸኮሏትም። ሹፌሩ ግን መንገዱን እየፈራ ሰማዩን ያያል።

ዝናቡ በአራብሳ በኩል ጠቁሮ ቆሟል። እሷ ሥራ ትሠራለች፣ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። አንድ ታክሲ ጎማ ለማስለጠፍ መጥቶ የጎማውን ብሎን ሁለቴ አጥብቃ ሁለቴ ፈታችው። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

እዚያ ማዶ የሆነውን ተካልኝ ራሱ ነው የነገረን፣ ደጋግሞ ስላወራው እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ከሩቅ እየታየው የፈረስ ጫማ ምስማር ገባበት። ወረደ፣ ፈታ፣ ምስማሩን አወጣ። እጁ ሁሉንም ያውቃል። ዝናቡ ግን እየመጣ ነው፣ በረዶውም እየቀለጠ ነው። ማስቲሹን ቀባና አባታችን ሆይን በታክሲው ፍጥነት አለው። ለጠፈ፣ ነፋ፣ ጥጋኙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሳ።

አንድ ጥጋኝ ቀረው።  ዝናቡም ማንጠባጠብ ጀመረ፣ እርጥበት ደግሞ ማስቲሽን ያበላሻል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዣንጥላ ይዘው ከማሳቸው ወጡ። ዣንጥላውን ለሱ ሊያስጠልሉ ሲሉ እባክዎ ለካላማዳሪው አላቸው። እንደገና ፋቀ፣ እንደገና ቀባ፣ ሰዓቱን ከእጁ ፈቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እያንዳንዷን ቃል እንደ ሰው ማለት ጀመረ።

ሽማግሌው ከንፈሩን አዩ፣ የተዘረጋውን ካላማዳሪ አዩ፣ የወደቀውን ሞተር አዩ።

«ሞተ እንዴ?» አሉት በቀስታ።

«አልሞተም አባቴ። ማስቲሽ እያደረቅኩ ነው።»

ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዣንጥላውን ሳያዛንፉ፣ እስኪጨርስ ከሱ ጋር ቆሙ። ሦስተኛው ላይ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው፣ አልያዘውም። ለጠፈ። በብረቱ እጀታ ዳር ዳሩን አሸው። ትንሽ እስትንፋስ ሰጥቶ ከተተው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ነፋ። አውራ ጣቱን ጫነው፣ እሺ አለ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሳጥኑ ውስጥ በረዶው ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። እናቶቹ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ባለፈው ባዶ የተመለሱትም ሳይቀሩ። አንድም ልጅ ሳይከተብ አልተመለሰም።

እኛ ይሄን ሁሉ መች እናውቃለን? ፀሐይዋ ወደ መግባቱ ስትል ድምፁን ሰማሁ፣ ከጎሮ መታጠፊያው። መጣ ብዬ ሮጥኩ። ተካልኝ ከሞተሩ ወርዶ ሰላምታም ሳይሰጥ ቀጥታ ወደሷ ሄደ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እትዬ ሸምሲያ፣ አንዱን ጥጋኝ አበላሸሁት። ቸኮልኩ።»

እኔ አለቀልን ብዬ ጋሽ ሱሌማንን አየሁ፣ እሳቸው ገመዱን ይዘዋል።

«ሁለተኛውስ?» አለችው።

«ሁለተኛው እስካሁን ይዟል። ልጆቹም ሁሉም ተከተቡ።»

ደስ አለኝ አላለችም። ጎማውን ፍታው አለችው፣ ፈታው። ካላማዳሪውን ነፍታ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሁላችንም ገንዳው ላይ ጎነበስን። ጋሽ ሱሌማንም መጡ፣ ያንን ሽታ የሚጠሉት ሰውዬ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ከሁላችን ይልቅ የቆዩት እሳቸው ናቸው፣ እኛ ቀና ስንል እሳቸው ገና አረፋ ይጠብቃሉ። ከዚያ ተካልኝን፣ ማን አስተማረህ አሉት። በአገጩ ወደሷ ጠቆማቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁም፣ ገመዱን ግን ወንበር ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ ሲስተር ኣብርሀት ስድስቱንም ሞተሮች አስከትለው መጡ። ንግግር አላበዙም። ክትባቱ ደርሷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎማዎቹ ያንቺ ናቸው፣ አዲስ ነጂ በቀጠርኩ ቁጥር ደግሞ እዚህ ሳይማር ሞተር አይነዳም አሉ። ሸምሲያ እሺ ሲስተር አለች፣ እጇን ስትዘረጋላቸው ግን በማስቲሽ የጠቆረ መሆኑን አይታ መልሳ ሰበሰበችው። ሲስተር ጎተት አድርገው ጨበጧት። ጋሽ እሸቴ ከማዶ መጥተው፣ ስድስት ሞተር በእግር ሲነፋ ዳንሱ አያልቅም፣ ኮምፕሬሰሩን ስትፈልጊ ልጅ ላኪ አሏት።

ጋሽ ሱሌማን ከሰዓት በፊት ሊነሱ ተዘጋጁ። ኢሱዙው ባዶውን መጥቶ ባዶውን ሊመለስ ነው። ሸምሲያ ግራ ቀኝ አየችና ከቤቷ ጀርባ የተከመረውን ያረጀ ጎማ ሁሉ ወደ ኢሱዙው ማንከባለል ጀመረች። ኮምቦልቻ በረባሶ ጫማ ሠሪው ብዙ ነው፣ ጎማ ከየት ያመጣል አለች። እኔም ተካልኝም አገዝናት። ከጋሽ እሸቴም ያረጀውን ለመነች፣ ሰጧት። ጆንያዎቹን ካላማዳሪ ሞላንባቸው፣ ገመዱንም ለጭነቱ አሰርንበት።

ጋሽ ሱሌማን ጋቢናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። 

«ሸምሲ፣ ሚስቴ'ኮ ላንቺ ብላ ክፍሉን በኖራ አስቀብታዋለች። አሁን ምን ልበላት?»

ሸምሲያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አሰበች። ከኋላዋ ሐምዛ ቸርኬ አቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

«ጎማውን ያስገቡበት» አለቻቸው። «ዝናብ እንዳይነካው። በሚቀጥለው ከዚህ የበለጠ ነው የምልክልዎ።»